ምስማር የተከለከለበት ግድግዳ

ጥር 4

ይድረስ ለእትዬ፣

እርስዎ ደህና፣ ልጅዎ ደህና፣ መንታዎቹም ደህና ናቸው ብዬ ልጀምር። እኛ ደህና ነን። አንዲት ነገር ካልተቆጠረች በጣም ደህና ነን።

ልጅዎን ሊያርሱ ከሄዱበት በጻፉልኝ ባለፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ቤቱስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ለዚህች አንዲት ቃል መልስ ይኸው ሁለት ወረቀት ቀድጄ ሦስተኛውን ይዣለሁ። ልደውል አስቤ ነበር፤ ግን ያለፈው ጊዜ የሆነውን ያስታውሱታል። እርስዎ «እ?» እኔ «አቤት?» ስንባባል ካርዱ አለቀ። ልጅዎ ኋላ እንደነገረችኝ እኔ ባል ያገባሁ መስሎዎት ቤተሰቡን ሁሉ እልል አስብለዋል። መጻፍ ይሻለናል።

ቤቱ ደህና ነው። መስኮቶቹ ደህና ናቸው። የውጭው በር ደህና ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር፣ ጎማውን ራሴ ቀየርኩት። የሳሎኑ አምፖል ተቃጠለ፣ እሱንም ቀየርኩት። ይኼን ሁሉ የምዘረዝረው ዋናው ነገር ላይ ላለመድረስ መሆኑ መቼም ሳይገባዎት አይቀርም። ሠላሳ ዓመት ያዋለዱ ሰው፣ ሴት ልጅ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ያውቁባታል።

ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እርጥበት ወጥቷል።

መጀመሪያ ከላያችን አራተኛ ፎቅ የገቡት መምህርት ውሃ ነው ብዬ ወጣሁ። እርስዎ አያውቋቸውም፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። «ውሃዎ ወደ እኛ እየወረደ ነው» ብላቸው፣ «የእኔ መታጠቢያ ቤት ያለው በወዲያኛው በኩል ነው። ውሃው ወደ ጎን ሄዶ፣ አስቦበት ነው ወደ ታች የወረደው? ነይ ሥዕሉን ሣዪልኝ!» ብለው ጠመኔ ሰጡኝ። እውነቴን ነው፣ ቤታቸው ጥቁር ሰሌዳ አለ። ሣልኩት። እየሣልኩት ለራሴም አልገባ አለኝ። ዜሮ ሰጥተው መለሱኝ፤ አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩብኛል።

ውላችን «ትልቅ ጥገና የአከራይ፣ ትንሽ ጥገና የተከራይ» ይላል። ትንሽ መስሎኝ ቀለም ገዝቼ ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን ቀለሙን አልፎ መጣ። አሁን ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ የእኔ ይሁን የእርስዎ፣ እንጃ።

ቶሎ ያልጻፍኩልዎት በአባባ ምክንያት ነው። ከእርስዎ በፊት የነበርንበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ለባለቤቱ ነገርኩት። «ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው» አለኝ። ወጣን። ያኔ አባባ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት አልሞላም ነበር። እርስዎ ቤት ስንገባ አምስት ወር ከወንበር አልተነሡም። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው፣ «ሽንት ቤት ውሰጂኝ» ማለት አፍረው ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። አሁን ግን ይኼን ቤት አጥንተውታል። ከመኝታ ቤታቸው እስከ መታጠቢያ ቤት አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ብቻቸውን ይመለሳሉ። ኮሪደሩን «አስፋልቱ» ነው የሚሉት። ሌላ ቤት ከገባን እንደገና ይቀመጡብኛል፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሁለተኛ የሚነሡ አይመስለኝም።

ስለዚህ እትዬ፣ ይኼ አቤቱታ አይደለም። «ቤቱስ?» ስላሉኝ ብቻ ነው።

ተከራይዎ ልብስ ሰፊዋ

* * *

ጥር 12

ለልብስ ሰፊዋ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? አባትሽስ? እኔ ጆሮዬ እንደዚያው ነው። መንታዎቹ ደህና ናቸው፤ አንደኛው ጥርስ አውጥቷል። የትኛው እንደሆነ ግን እናታቸውም አላወቀችም፣ ሁለቱም ይነክሳሉ።

ማን ውጪ አለሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን? አንዱ ባለቤት ክፉ ነገር ተናገረሽ ተብሎ እኔ በአንቺ ዓይን ምን ልሁን? ደግሞስ እርጥበት ላይ ቀለም የሚቀባ ማን አስተማረሽ? ትኩሳት የያዘውን ልጅ ፊቱን አጥበሽ «ዳነ» ብለሽ ለእናቱ እንደ ማስረከብ ነው። ተይ፣ ተቆጥቼ አይደለም። በጽሑፍ ስቆጣ ድምፄ እንደሚጮኽ ልጄ ነግራኛለች።

አሁን በደንብ ንገሪኝ። ኮሪደሩ ሁለት ግድግዳ አለው። በግራው ነው በቀኙ? ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይላል? በስንዝር ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ትንሽ ይሁን ትልቅ ያኔ እናውቃለን። በግራው ከሆነ እኔ ሳልፈቅድ ማንም መሮና መዶሻ ይዞ እንዳይጠጋው። ምክንያቱን አሁን አልጽፍም። ልጄ ትከሻዬ ላይ ቆማ እያነበበች ነው። (ይኸው «አላነበብኩም» አለች።)

አንድ ነገር ደግሞ። ግድግዳው ላይ የመታሽው ምስማር አለ? አንቀጽ ሰባት የሚለውን ታውቂያለሽ። እየወቀስኩሽ አይደለም፣ መጠየቄ ነው።

አከራይሽ

* * *

ጥር 20

ይድረስ ለእትዬ፣

ጥርስ ላወጣው እንኳን ደስ አለው፤ ላላወጣውም ያውጣለት።

ግራ ነው ቀኝ ለሚለው ጥያቄዎ በዚህ ቤት ስምምነት ጠፍቷል። እኔ ከውጭ በር ስገባ በግራዬ ነው። አባባ እርጥበቱን ስለማያውቁ በዘዴ «መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ መስኮት የሌለው ግድግዳ በየት በኩል ነው?» ብላቸው፣ «በቀኜ» አሉኝ። መምህርቷን ደግሞ ዕርቅ ፈልጌ ብጠራቸው፣ ኮሪደሩ መሐል ቆመው ሁለት ጊዜ ዞሩና «መነሻውን ያልወሰንሽው ጥያቄ መልስ የለውም» ብለውኝ ሄዱ። ለማንኛውም መስኮት የሌለው ግድግዳ ነው። ከፍታው ወገቤ ድረስ ነው። ስፋቱ ማክሰኞ ሦስት ስንዝር ነበር። ሐሙስ ብለካው አራት ሆነ። ስንዝሬ አጥሮ ነው ብዬ በሜትሬ ለካሁት፤ ስንዝሬ ደህና ነው።

አባባ ጥያቄዬን ከመለሱልኝ በኋላ «ምነው፣ ግድግዳው ምን ሆነ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። «ምንም ከሆነ ጥሩ» አሉና ሬዲዮ ከፈቱ።

ማለት አልነበረብኝም፣ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። «እኔ ሳልፈቅድ ማንም እንዳይጠጋው» ያሉኝን ለመምህርቷ አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ እንዲህ የሚል ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ነው። ለገዢ ከማሳየቱ በፊት እንዲፈርስበት አይፈልግም» አሉኝ። የሒሳብ ሰው ሲናገር ያስፈራል። የሚሸጡት ከሆነ፣ እባክዎ ለእኔ ቀድመው ይንገሩኝ። ለአባባ ቀስ ብዬ መንገር አለብኝ።

ስለ ምስማሩ የጠየቁኝን ልመልስ ስል ቀሚስ የምትለካ ደንበኛ መጣች። በሚቀጥለው እጽፋለሁ።

ተከራይዎ

* * *

ጥር 29

ለልብስ ሰፊዋ፣

ቀሚሱ ልኳ ሆነ? ደስ ይበላት። እንግዲያው ደንበኛሽ ከሄደችልሽ ስለ ምስማሩ መልሺልኝ።

ቤቱን አልሸጥም። ለመምህርቷ በእኔ ስም ዜሮ ስጪልኝ።

የገባኝ አለ ያልገባኝም አለ። ስንዝርሽ በሁለት ቀን ያደገ ከሆነ ነገሩ ትንሽ አይደለም፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ የእኔ ነው። ያቺ ምስማር ከኖረች ግን የአንቺ ይሆናል። ይኼን ጽፌ ሳነበው ራሴም ዞረብኝ። ስለዚህ ሰው ልኬልሻለሁ። የባለቤቴ የድሮ ጓደኛ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛ። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፣ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ። ያዳምጥ እንጂ እንዳይከፍት ነግሬዋለሁ። ከሰማው በኋላ የምጽፍልሽ ነገር አለኝ። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ተቀምጬ መንታዎቹን አስታምሜ ተነሥቻለሁ፤ አላመማቸውም ነበር።

ግድግዳው የሚከፈት ከሆነ ለሁለት ሳምንት ወጣ ማለት ሳይኖርባችሁ አይቀርም። የእህቴ ልጅ እዚያው ከተማ ባዶ ክፍል አላት፣ በደስታ ትቀበላችኋለች። አባትሽን እጃቸውን ይዘሽ መውሰድ ነው። ሁለት ሳምንት ምን አላት?

አከራይሽ

* * *

የካቲት 6

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙ ብዬ ልጠይቅዎት እንጂ፣ ዛሬ ሰላምታ የሚያስቀጥል አፍ የለኝም።

ሐኪሙ ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ኮሪደሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰቀሉትን ቀሚሶች አይተው «ይኼ ቤት ነው ሱቅ?» አሉኝ። «ቦታ ጠቦኝ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው። ጆሯቸውን ለጥፈው፣ «እስቲ ዝም በሉልኝ» እያሉ፣ በቀስታ ሲሄዱ ሲሄዱ ሰማያዊው ቀሚስ ጋ ደረሱ። ገለጥ አደረጉት።

«ይኼስ?»

«መደገፊያ ነው።»

«በስንት ብሎን የተመታ?»

«በአሥራ አራት።»

ጆሯቸውን መልሰው ለጠፉ፤ ቆዩ። ከዚያ ብድግ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ከአሥራ አራቱ አንዱ ቧንቧውን ወግቶታል» አሉኝ።

ይኸው ስለ ምስማሩ መለስኩልዎት። እርስዎ ለልጅዎ ወሊድ እንደሄዱ ነው የሠራሁት። አባባ ወንበር ላይ በተቀመጡ በአምስተኛው ወር፣ የመጋረጃ ዘንግ ሦስት ቦታ ቀጥዬ፣ ከአናጺ መሰርሰሪያ ተውሼ፣ ከመኝታ ቤታቸው በር እስከ መታጠቢያ ቤት በር ዘረጋሁት። በነጋታው እጃቸውን አስያዝኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡኝ፤ «ያለ ፈቃድ የተሠራ መንገድ ነው» አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን የማሽኔን ድምፅ አቋርጬ ስሰማ፣ እግራቸው ኮሪደሩ ላይ ነበር። አሥራ አንድ እርምጃ ያልኩዎት ያለዚያ ዘንግ አይቆጠርም።

አንቀጽ ሰባት «ያለ አከራይ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ለራሴ «ብሎን ምስማር አይደለም» ስል ኖርኩ። እንዲህ ዓይነት ጠበቃ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ እንዳሉት ነገሩ ቀላል ነው። በእርጅና የተበላሸውን አከራይ ይጠግናል፣ ተከራይ ያጠፋውን ተከራይ። እንግዲህ ቧንቧውም የእኔ ነው፣ ግድግዳውም የእኔ ነው። አስጠግናለሁ። እርስዎ «ማን ውጪ አለሽ» ብለው የጻፉልኝን ደብዳቤ ደግሞ ደጋግሜ እያወጣሁ አነበዋለሁ፤ ያን ጊዜ ይኼን አያውቁም ነበር።

ለሁለት ሳምንት ውጡ ያሉኝን ብቻ አልችልም። ሌላውን ሁሉ እሺ እላለሁ። በማያውቁት ክፍል ሁለት ሳምንት ማለት ለአባባ ከዜሮ መጀመር ነው፤ ስንመለስ ደግሞ ይኼኛውም ይጠፋባቸዋል። እሳቸው አሁንም ምንም አያውቁም። «ለእኔ ተብሎ በተተከለ ዘንግ ቤቱ ፈረሰ» ብለው ካሰቡ እጃቸውን ከዘንጉ ላይ ያነሣሉ። አውቃቸዋለሁ። ሰው ከሚያስቸግሩ ወንበር ላይ መቅረት ይመርጣሉ።

ይቅርታ ብዬ ልጨርስ አልኩና፣ ይቅርታዬ የትኛው ላይ እንደሚጻፍ ጠፋኝ። ብሎኑ ላይ ነው፣ ውሸቱ ላይ፣ ወይስ ቀሚሶቹ ላይ?

ልብስ ሰፊዋ

* * *

የካቲት 13

ልጄ፣

ሰላምታውን ዝለይው፣ እኔም ዘልዬዋለሁ። ልጄ ገበያ ሄዳለች፣ መንታዎቹ ተኝተዋል፤ አሁን ካልጻፍኩት አልጽፈውም።

ያ ቧንቧ እዚያ ቦታ መኖር አልነበረበትም።

ቤቱን ስናድስ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከወጥ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄደውን ቧንቧ ራሱ ዘረጋው። በሰው ወገብ ልክ፣ ከልስኑ ሥር አንድ ጣት በማይሞላ ጥልቀት ቀበረው። ሐኪሙ ያኔም ነበር። «ወይ ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው፣ ወይ በደንብ ቅበረው» አለው። ባለቤቴ «ቤቱ የማን ነው?» ብሎ መለሰለት። እኔም ከባሌ ጎን ቆሜ፣ ወገቤን ይዤ፣ «እውነት፣ ቤቱ የማን ነው?» አልኩ። እጄን ወገቤ ላይ ያደረግኩት ልክ ቧንቧው ባለበት ከፍታ ነበር፤ አሁን ነው የማስበው።

ከእናንተ በፊት አንድ ፎቶ አንሺ ከሚስቱ ጋር ቤቱን ተከራይቶ ነበር። በገቡ በወሩ የሁለቱን ፎቶ ሊሰቅል ምስማር መታ። አንዲት ምስማር። ውሃው ፊቱ ላይ ፈነዳበት። ባለቤቴ ቀዳዳውን በመኪና የውስጥ ጎማ ጠቅልሎ፣ በሽቦ አስሮ፣ ልስን መታበት። እኔ ደግሞ ልጁን አስቀምጬ «ቤቴን አበላሸህ» አልኩት። ጥገናውን አስከፈልኩት። ቧንቧው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ትንፍሽ አላልኩም። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ለባሏ ሳትነግረው በፊት እኔ አውቄዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። እያወቅኩ ነው ያንን ያደረግኩት። በሚቀጥለው ወር ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። እሱ ደረጃው ላይ እንደገና ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ይቅር አልኩት! ምን አደረገኝ ብዬ ነው ይቅር ያልኩት?

አንቀጽ ሰባትን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቧንቧውን ከማንሣት ይልቅ ምስማር ከለከልኩ። ግድግዳ ከመክፈት ወረቀት መጻፍ ቀለለኝ። አንቺ ፈርመሽ ስትገቢ «ግድግዳው ንጹሕ እንዲሆን ነው አይደል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አዎ» አልኩሽ።

እና አሁን ግራ የገባኝ ይኼ ነው። የሚያፈሰው ያንቺ ብሎን ነው ወይስ የእኛ ጎማ? ሐኪሙ ጆሮው ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ ስሙን አይናገርም። ካልተከፈተ አይታወቅም። ቢታወቅስ? የአንቺ ብሎን ቢሆንም እዚያ የጠበቀው የእኔ ቧንቧ ነው።

ይከፈት ብዬዋለሁ። እናንተ አትወጡም። ቧንቧው ነው የሚወጣው።

አከራይሽ

* * *

የካቲት 24

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሐኪሙ መሮአቸውን ይዘው በር እያንኳኩ ነው። ስለ ፎቶ አንሺው ያሉትን አሁን አልመልስም። እኔ የምመልሰው ነገር አይመስለኝም።

ግድግዳው ተከፍቷል። ውጤቱን እንደነገሩኝ ልጻፍልዎት፤ የሚገባዎት ከሆነ ለእኔም ያስረዱኛል። የእኔ ዘጠነኛ ብሎን ቧንቧውን በስቶታል። ግን በስቶ እዚያው ተወትፏል፤ ጠብታ አያወጣም። ሲነቅሉት ነው ሐኪሙን ከአንገት በላይ ያጠባቸው። ያ ሁሉ እርጥበት የመጣው ከብሎኑ ሁለት ስንዝር ርቆ ከታሠረው ጎማ ነው፤ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። ሐኪሙ ፊታቸውን በሰማያዊው ቀሚስ እየጠረጉ (የሰው ቀሚስ ነው፣ ምን ልበላቸው!) «የእትዬ ቀዳዳ ያፈሳል። ያንቺ ቀዳዳ ራሱን ደፍኗል። በዚህ ጉዳይ ዳኛ ጥሩ እንጂ እኔን አትጥሩ» አሉኝ።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ልምጣ። ሐኪሙ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለአባባ ልነግራቸው ነበር። አባባ ከምሳ በኋላ ጋደም አሉ። እኔም ሲነሡ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቀሚስ ላደርስ ወጣሁ። ሐኪሙ ዘንጉን ነቅለው፣ ያጠባቸውን ውሃ ሊዘጉ ወደ ቆጣሪው ወረዱ።

ስመለስ አባባ ኮሪደሩ መሐል ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ዘንጉ በነበረበት ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። አየር ላይ። ከእግራቸው ሥር የረጠበ፣ የተፈረፈረ ልስን አለ። ምን ያህል እንደቆሙ ዛሬም አልነገሩኝም። አልጠየቅኳቸውም። እጃቸውን ልይዝ ስጠጋ፣

«ቆይ» አሉኝ። «መንገዱ ሥራ ላይ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ምልክት አይደረግም? አርባ ዓመት ስነዳ ምልክት ሳያቆም መንገድ የሚቆፍር እንዳንቺ ያለ አላየሁም።»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብሎኑን፣ ጎማውን፣ የእርስዎን ባለቤት፣ አንቀጽ ሰባትን። እስክጨርስ ሰሙኝና «እርጥበቱን እኮ ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

እትዬ፣ ከታኅሣሥ መግቢያ! እኔ ያየሁት ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ነው። ዘንጉን ይዘው ሲሄዱ የጣታቸው ጀርባ ግድግዳውን ይነካዋል። መጀመሪያ ቀዘቀዛቸው፣ በሳምንቱ አላበው፣ ከዚያ ልስኑ አበጠ። ሁሉንም በቀን በቀን ያውቁታል። «ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ከተናገርኩ ትጽፊላቸዋለሽ፣ ከጻፍሽ ውጡ ይሉናል፣ የምንወጣውም በእኔ እጅ ነው» አሉ። እኔ ከእሳቸው ደበቅኩ፣ እሳቸው ከእኔ ደበቁ፤ ሁለታችንም ግድግዳው ደህና ነው እየተባባልን በዚያው ግድግዳ ሥር ስንመላለስ ነበር።

ያንን የጎማ ቁራጭ ሐኪሙ ሲያስይዟቸው አገላብጠው ዳሰሱት። «የኋላ ጎማ ነው» አሉ። «ሰውየው አስሮታል፣ ሥራውን ያውቃል። ግን ጎማ ለመንገድ ነው እንጂ ለቤት አይሆንም።»

ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ ከክፍላቸው አልወጡም። ግድግዳው ክፍት ነው፤ ሐኪሙ «ቧንቧው የት ይሂድ፣ ዘንጉ ይመለስ አይመለስ፣ ባለቤቷ ትወስን» ብለው መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄደዋል። አባባ ውሃ ስሰጣቸው ግማሹን ይመልሱልኛል። ይኼ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፣ ጽፌልዎታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ

* * *

መጋቢት 3

ለልብስ ሰፊዋ ልጄና ለአባትሽ፣

ይኼን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ለሐኪሙ በልጄ ስልክ፣ በልጄ ጆሮ ነግሬዋለሁ። ቧንቧው ከጣሪያው ሥር፣ እጅም ምስማርም በማይደርስበት ይሄዳል። ግድግዳው በደንብ ይለሰናል። ዘንጉ ደግሞ የመጋረጃ አይሆንም፣ ጥሩ እንጨት ገዝቶ፣ አለሳልሶ ያስርላችኋል። ዘንጉም ብሎኑም ልስኑም የቤቱ ነው፤ ሲላላም የሚጠብቀው በእኔ ነው። መጀመሪያ ቧንቧውን፣ ዘንጉን መጨረሻ ላይ ሊያደርግ ፈልጎ ነበር። «ዘንጉ መጀመሪያ» ብዬዋለሁ። እስኪለሰን ድረስ በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ለጊዜው አንድ ይዘረጋል። ለሥራው አይመችም አለኝ። አይመቸው።

አንቀጽ ሰባት ተሰርዟል፤ ይኸው ውሉን ከእነ ስርዙ ልኬልሻለሁ። በቦታው ምን እንደሚጻፍ ሦስት ቀን ሳስብ ከረምኩ። ልጄ አንድ አለች፣ ባሏ ሌላ አለ፣ የጻፍነው ሁሉ እንደገና «ትልቅ» እና «ትንሽ» እየሆነ ግራ ገባን። በመጨረሻ የጻፍኩት ይኼ ነው፦ «ቤቱ ሲታመም ያወቀ ሰው በዚያው ቀን ይናገራል። የተነገረው ሰው ይመጣል። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ከደረቀ በኋላ ይታያል።» ጠበቃ ቢያየው ይስቃል። አንቺ ግን ፈርሚ።

ፎቶ አንሺውን አፈላልጌ ጽፌለታለሁ። መልስ አልመጣም። ላይመጣም ይችላል።

አሁን ለአባትሽ፣ ማለት ለእርስዎ ነው ጌታዬ፣ ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ነው። እኔ ጆሮዬ አይሰማም፤ እርስዎ ዓይንዎ አያይም፤ ልጅዎ ደግሞ ስትፈራ ቀሚስ ትሰቅላለች። ያንን ቤት በየቀኑ የሚያውቀው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ቢነግሩኝ ኖሮ ሦስታችንም ባልተንከራተትን ነበር። እሱን ጥፋት አልልዎትም፤ እኔ ከእርስዎ የባሰ ደብቄያለሁ። ግን ከእንግዲህ ወዲያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ግድግዳውን ዞረው ዳስሰው እንዲጽፉልኝ እፈልጋለሁ። እየለመንኩዎት ነው። ቤቱ እንዴት እንደሆነ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም።

አከራያችሁ

* * *

መጋቢት 26

(እትዬ፣ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ቃሉ የአባባ ነው። ሰላምታ እናስገባ ብላቸው «መኪና ሲበላሽ ለጋራዡ እንደምን አደርክ ይባላል?» አሉኝ። ይቅርታ እናስገባ ብላቸው «ስለ ምኑ?» አሉኝ። እንዳሉት ጽፌዋለሁ።)

ለቤቱ ባለቤት፣

ዛሬ ከቁርስ በኋላ ዞሬ ዳስሻለሁ። ብቻዬን።

የኮሪደሩ መስኮት የሌለው ግድግዳ ደረቅ ነው። አዲሱ ልስን ገና ቅዝቃዜ አለው፣ እሱ የልስን ነው እንጂ የውሃ አይደለም። ዘንጉ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ሥራውን ያውቃል፣ ግን ሰባተኛው ብሎን ጭንቅላቱ ወጣ ብሎ እጄን ይቧጥጠኛል፤ ያስገባው። ሳሎን ደረቅ ነው። ወጥ ቤት ደረቅ ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ያለው ግድግዳ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ላብ አለው። ከትናንት ወዲያ አልነበረም። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችና «ምንም የለም» አለች፤ የዓይን ነገር ነው፣ አይታመንም። ትንሽ ነው ትልቅ ነው የሚለውን እናንተ ተከራከሩበት። እኔ የማውቀው እርጥብ መሆኑን ነው።

ሰው ይላኩ። እኛ እዚሁ ነን።